አንድ ልኬት፣ ሁለት መልስ

ጥያቄ፦ ስለ አንድ የከርሰ ምድር ውሃ ብክለት የተሠሩ ሁለት ጥናቶች፣ ከተመሳሳይ የጉድጓድ ልኬቶች ተነሥተው የብክለቱን ምንጭ በተለያየ ቦታ አመለከቱ። አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ከታወቀ ምንጭ ተነሥቶ ብክለቱ ወዴት እንደሚሄድ ማስላት ቀጥተኛው ስሌት ሲሆን፣ ከልኬት ተነሥቶ ምንጩን መፈለግ ግን ተገላቢጦሹ ነው። ጥቂት የሚለቅ ቅርብ ምንጭና ብዙ የሚለቅ ሩቅ ምንጭ፣ በተለይ የመለኪያ ጉድጓዶቹ ጥቂት ከሆኑ፣ ተመሳሳይ ንባብ ሊሰጡ ይችላሉ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ፣ ብክለቱ በአፈርና በአለት ቀዳዳዎች ውስጥ እየተበተነ ሲጓዝ የመነሻ መልኩ ስለሚደበዝዝ፣ ስሌቱን ወደ ኋላ ስንመልሰው ኢምንት የመለኪያ ስሕተት እንኳ ገዝፋ መልሱን ታዛባለች። የሶቪየቱ የሒሳብ ሊቅ አንድሬይ ቲኾኖቭ በ1963 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ዘዴ ይህን የሚገታው፣ መልሱ ከልኬቱ ጋር እንዲስማማ ብቻ ሳይሆን ከመጠን በላይ እንዳይዋዥቅም በማስገደድ ነው፤ ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ ግዴታ የሚሰጠውን ክብደት የሚመርጠው ተመራማሪው ስለሆነ፣ የመልሶቹ ልዩነት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ምርጫና ስለ ውሃው ፍሰት ከተያዘው ግምት ይመነጫል። ስለዚህ በእኔ እምነት ሁለቱን ከማማረጥ ይልቅ፣ ትንበያዎቻቸው እጅግ በሚራራቁበት ቦታ አዲስ ጉድጓድ ቆፍሮ መለካት ይሻላል።