ተመላላሽ ክፍል ለተመደበችው እህት፦ ከየት እንደመጡ ሳትጠይቂ ወደ ላብራቶሪ አትላኪ

እህቴ፣ «ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል ብቻዬን ተመድቤያለሁ፤ ታካሚው ሁሉ ሁለመናዬን ያመኛል ይለኛል፤ የተማርኩትን የጥያቄ ቅደም ተከተል ግማሹን ሳልደርስ ወረፋው ያጣድፈኛል» ያልሽውን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም ነርስ ነኝ፤ የጀመርኩትም እንዳንቺው በር ላይ ሰው በሚጋፋበት ክፍል ነው። ዋና ሕመም፣ የቆየበት ጊዜ፣ የቀድሞ ሕመም፣ የቤተሰብ ሁኔታ የሚለውን ታውቂዋለሽና አልደግምልሽም።

1. ሰላምታውን አታሳጥሪ። አንድ የገጠር አባት ገና ሲገቡ ካርዱ ላይ አቀርቅረሽ «ምንዎን ነው?» ካልሻቸው ከዚያ በኋላ የምታገኚው «አዎ» እና «የለም» ብቻ ነው። ቀና ብለሽ ተቀበያቸው፤ አንቱ በያቸው፤ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቂ። ያ ጊዜ አይባክንም። አረማመዳቸውን፣ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ትንፋሽ ያጥራቸው እንደሆነ፣ የዓይናቸውን ቢጫነት፣ የእግራቸውን እብጠት የምታዪው ያኔ ነው። «ሁለመናዬን» ሲሉሽ ደግሞ «ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆነው ሥራ የዋሉት መቼ ነው?» በያቸው። «ከዚያስ መጀመሪያ ምን መጣ?» ብለሽ አዳምጪ። ሕመሙ በራሱ ቅደም ተከተል ይወጣል። ሲጨርሱ «ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሳዎትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩኝ» በያቸው። ይህ ከዝርዝሩ ይልቅ ጊዜ ይቆጥባል፤ ሞክሪውና ታዪዋለሽ።

2. ቀንን በበዓል ጠይቂ። «የወር አበባሽ የመጣበትን ቀን አላውቀውም» ያለችሽን እናት «ከሚካኤል በፊት ነበር ወይስ ከማርያም በኋላ?» ብትያት ወዲያው ትነግርሻለች፤ 12 ወይም 21 ብለሽ መነሻ ታገኛለሽ። የመውለጃዋን ቀን ስታሰዪ ወደ ፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ ገልብጠሽ እንደገና አትመልሺው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ወራታችን ከጳጉሜን በቀር ሁሉም 30 ቀን ስለሆኑ ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ጨምሪ። መሀል ላይ ጳጉሜን ካለች ዘጠኝ ወር ከ5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ዘጠኝ ወር ከ4 ቀን ነው። ጥቅምት 12 ያየች ሐምሌ 22፣ ሐምሌ 12 ያየች ሚያዝያ 17 ላይ ትደርሳለች ማለት ነው።

3. ከየት እንደመጣ፣ ምን ሲሠራ እንደከረመና የት ሲተኛ እንደነበር ጠይቂ። ጽሑፌን ሁሉ ትተሽ ይህችን ብቻ ብትይዢ ይበቃኛል።

የዛሬ ጥቂት ዓመታት አንድ ወጣት በአባቱ ተደግፎ ወደ ክፍሌ መጣ። ከስቷል፤ ጉንጩ ገብቷል፤ ቀበቶውን በአዲስ ቀዳዳ አጥብቆታል። በእጁ የያዘው የወረቀት ጥቅል ላይ የተጻፈው ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ወባ፣ ታይፎይድ፣ እንደገና ወባ። ይታከምበት የነበረውን ተቋም ስም አልጠራም። በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ «ክረምቱን የት ነበርክ?» የሚል ጥያቄ የጠየቀው ሰው እንዳለ የሚያሳይ አንድ መስመር አልነበረም። ስጠይቀው ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ወርዶ፣ ከአረምና ከአጨዳው በኋላም እዚያው ቆይቶ እንደነበር ነገረኝ። የት ትተኛ ነበር? ሜዳ ላይ፣ ከግራር ሥር። መሬቱስ? ጥቁር ዋልካ፣ ስንጥቅጥቅ ያለ። ይህን ስሰማ ካላዛርን፣ ማለትም ሌይሽማንያ በሚባል ተውሳክ የሚመጣውን፣ ትኩሳት የሚያራዝመውንና ጣፊያን የሚያሳብጠውን በሽታ ጠረጠርኩ፤ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትገኘው እንዲህ ባለው ቦታ ነውና። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ ነው፤ ወባን በሚገባ ታክሞ ሳይሻለው ቀርቷል።

አስተኛሁት፤ ጉልበቱን አሳጠፍኩት፤ እጄን አሙቄ ሆዱን ዳሰስኩ። እዚህ ላይ ልብ በይ። ብዙ ባለሙያ ጣፊያን የሚፈልገው በግራ ጎድን አጥንት ሥር ብቻ ነው። ጣፊያው እጅግ ሲያብጥ ጠርዙ ወደ እምብርት፣ አልፎም ወደ ቀኝ ይወርዳል፤ በግራ በኩል ከጎድኑ ሥር የጀመረ እጅ ያረፈው በራሱ በጣፊያው ላይ ስለሆነ ጠርዝ አያገኝም፣ «ሆድ ደኅና» ብሎ ይጽፋል። ከቀኝ ታችኛው ሆድ ጀምሪና በእያንዳንዱ ትንፋሽ ጥቂት ጥቂት እያልሽ ወደ ግራ ጎድን ውጪ። የልጁ ጣፊያ ከእምብርቱ በታች ወርዶ ነበር። በቀደሙት ወረቀቶች ላይ «ሆድ ደኅና» ተብሎ ተጽፎ ነበር።

ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ላክሁት፤ የሌይሽማንያ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ያለው እዚያው ነው። ከጣት በሚወሰድ ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ካላዛር መሆኑን አሳየ። የኤችአይቪ ምርመራም ተደረገለት፤ በእኛ አካባቢ ሁለቱ አብረው የመገኘታቸው ነገር ቀላል ስላልሆነ ይህን አትርሺ። 17 ቀን በየዕለቱ መርፌ ተወጋ፤ ዳነም። ካላዛር ሳይታከም ከቀረ የሚገድል በሽታ ነው። አባቱ ግን ለማያስፈልገው መድኃኒት የእርሻ በሬውን ሸጦ ነበር። ያ በሬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለሌላው ሕመምተኛ ትምህርት ይሆናል ብዬ ቀድሞ ወዳከመው ቦታ ስልክ ደወልኩ። ያነሳው ሰው «ነርስ ሆነሽ የእኛን ምርመራ ታርሚያለሽ?» ብሎ ዘጋብኝ። በዚያ ሰሞን የራሴም ኃላፊ ከታካሚ ጋር ወሬ ታበዣለሽ፣ ወረፋው ረዘመ ብሎ ገሥጾኛል። አንቺንም እንዲህ ይሉሻል፤ አትፍሪ። የጎንደር የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ሐኪም በሌለበት ገጠር ሄደው ሕዝቡን የሚያክሙ ባለሙያዎችን ለማፍራት ነበር፤ በዚህ ከተማ በማዳመጥና በመዳሰስ ማከም የቆየ ሥራ ነው፣ የምናፍርበት አይደለም።

በዚሁ ጥያቄ ሌላም ታገኛለሽ። ከጎርጎራና ከደምቢያ፣ ከጣና ሐይቅ ዳር የመጣ ዓሣ አስጋሪ ወይም ዋናተኛ ልጅ ሆዱን ሲያመው ቢልሃርዝያን፣ በውኃ ውስጥ በቆዳ በኩል የሚገባውን የትል በሽታ፣ አስቢ። ጸበል ከርሞ የመጣውን ደግሞ ፊትሽን አታጥቁሪበት። ከተሳለቅሽበት የት እንደከረመ ይደብቅሻል፤ ከማን ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳደረ፣ አጠገቡ የሚያስል ሰው እንደነበረ ሳታውቂ ትቀሪያለሽ። «እግዚአብሔር ይማርዎ፣ ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው ይቀጥሉ» በያቸው፤ ሁሉን ይነግሩሻል።

አራተኛና አምስተኛ ብዬ ልቆጥር አስቤ ነበር፣ የቀረውን ግን እንደመጣልኝ ልንገርሽ። ባል ከሚስቱ ጋር ገብቶ እሱ ሲመልስላት ካየሽ «አሁን ልመረምራት ነው፣ እባክዎ ውጭ ይጠብቁን» በይው። አብዛኛው ባል በዚህ አይቆጣም። ፈሳሽ፣ ደም መፍሰስ፣ ድብደባ፣ የእርግዝና መከላከያ፣ ይህ ሁሉ የሚነገረው ያኔ ነው። በአንድ ክፍል ሁለት ጠረጴዛ ተደርጎ ሁለት ታካሚ ጎን ለጎን የሚጠየቅበት ቤት ከሆነ መጋረጃ ጠይቂ፤ ከከለከሉሽ ነጠላም ቢሆን ስቀይ። ሴት ልጅ ሌላ ሰው እየሰማ ስለ ማኅፀኗ እንድትናገር ማስገደድ ነውር ነው፤ ይህን ለኃላፊዎችም ፊት ለፊት ተናግሬዋለሁ።

የደም ግፊትና የስኳር ታካሚዎችን «መድኃኒትዎን ይወስዳሉ?» አትበያቸው። ሁሉም «አዎ» ይላል። «ትናንት በስንት ሰዓት ዋጡት?» በያቸው። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምሱ እናት የጠዋቱን ኪኒን ትተውት ይሆናል፤ ይህን ሳታውቂ መጠኑን ከጨመርሽባቸው ጾሙ ሲፈታ ሁሉንም በሰዓቱ ውጠው ይወድቁብሻል። የሚዋጥበትን ሰዓት አብራችሁ አስተካክሉ። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ግን ሐኪማቸውን ሳያማክሩ እንዳይጾሙ አጥብቀሽ ንገሪያቸው።

ግፊት ስትለኪም ዳገት ወጥተው የመጡትን እናት ወዲያው አትለኪ። አምስት ደቂቃ ይቀመጡ፤ እግራቸው መሬት ይርገጥ፤ ክንዳቸው በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ጋቢውንና ወፍራሙን እጅጌ አውልቂላቸው። የሕፃናትን ትንፋሽ ደግሞ ልጁ ሳያለቅስ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥረሽ በሁለት አታባዢ። ከሁለት ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50፣ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት 40 ከደረሰ ፈጣን ነው። ሰዓትሽ የሰከንድ ቆጣሪ ከሌለው ነገውኑ ያለው ግዢ፤ የክፍሉ ሰዓት ባትሪ ይቀየራል ብለሽ አትጠብቂ።