ሳሉን ያመጣው የግፊቱ መድኃኒት ቢሆንስ? ጥያቄና መልስ

ታህሳስና ጥር ላይ ባህር ዳር ቀኑ ፀሐይ ነው፤ ማታ ግን የጣና ንፋስ አጥንት ድረስ ይገባል። በዚህ ሰሞን በምሠራበት መድኃኒት ቤት ከባንኮኒው ማዶ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ነገር ነው፦ «ሳል ይዞኛል፣ ሽሮፕ ስጠኝ።» ከእነዚህ ሰዎች መካከል የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ብዙ አሉ። እነሱ አይነግሩኝም፣ እኔም ሰው ሲበዛ አልጠይቅም። ሁለታችንም ጥፋተኞች ነን። ስለዚህ «ያሻችሁን ጠይቁኝ» አልኩ። የመጡት ጥያቄዎችና የኔ መልሶች እነዚህ ናቸው።

ከፋሲሎ፦ «ለግፊት አምሎዲፒን እወስዳለሁ። ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ድፍን ብሏል። የጉንፋን ኪኒን ብወስድ ምን አለበት?»

የትኛውን ኪኒን? «የጉንፋን» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግረንም። ካርቶኑን ገልብጠው ከጀርባ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ይዩ። ሱዶኢፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን የሚል ካለ ይተዉት። እነዚህ የደም ሥር በማጥበብ ነው አፍንጫ የሚከፍቱት። የተዋጠ ኪኒን ደግሞ አፍንጫ ላይ ብቻ አይቆምም፤ የሌላውንም አካል ሥር ያጠባል፣ ልብንም ያስሮጣል። አምሎዲፒን ሥር ሊያሰፋ ሲታገል እርስዎ በላዩ የሚያጠብ ይጨምሩበታል ማለት ነው። የእነዚሁ ዘመድ የነበረው ፌኒልፕሮፓኖላሚን እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ከገበያ እንዲወጣ የተደረገው አንጎል ውስጥ ከሚከሰት የደም መፍሰስ ጋር ስለተያያዘ ነው። ፌኒሌፍሪንንም በ2023 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ አማካሪዎች መርምረውት፣ በሚዋጥበት ጊዜ የተደፈነ አፍንጫ እንደማይከፍት ተስማምተዋል። ለማይሠራ ነገር ግፊትዎን አያስነሱ።

ይልቅ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተው ያቀዝቅዙ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨምሩበትና አፍንጫዎን ይጠቡበት። አደራ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሁን።

ከዘጌ፦ «እናቴ ኢናላፕሪል ከጀመረች ሁለት ወር ሆናት። ደረቅ ሳል ይዟት እንቅልፍ አጣች። ሦስት ጠርሙስ ሽሮፕ ጨርሳለች፣ ጦስኝና ዳማከሴም አልቀራት። ለውጥ የለም።»

ይቺን ጥያቄ ሳነብ አንድ አባት ትዝ አሉኝ። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ በአፋቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገው መጡና ሽሮፕ ሸጥኩላቸው። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ዓይነት ሸጥኩላቸው። በሦስተኛው ግን ገንዘብ ሲፈልጉ ከኪሳቸው ጥቁር ፌስታል አወጡ፤ ውስጡ ግማሹ ያለቀ የኢናላፕሪል ቅጠል። ያን ቀን አፈርኩ። ሁለት ጊዜ ከእጄ ገዝተዋል፣ ሁለቴም «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አላልኳቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢናላፕሪል፣ ካፕቶፕሪልና ሊሲኖፕሪል አንድ ኢንዛይም በማገድ ግፊት ያወርዳሉ። ያው ኢንዛይም ብራዲካይኒን የሚባል ነገርም የሚያፈርስ ነው። ሥራው ሲታገድ ብራዲካይኒኑ ይጠራቀምና የአየር ቧንቧን ይኮረኩራል። አክታ የሌለው፣ ጉሮሮ የሚያሳክክ ሳል ይመጣል። ሴቶች ላይ ይበዛል። በጀመሩ በቀናት ሊመጣ ይችላል፣ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል፤ ለዚህ ነው ሰው ከመድኃኒቱ ጋር የማያገናኘው። ሽሮፕ ቢጠጡበት ወንዝ በወንፊት እንደመቅዳት ነው።

እናትሽ ግን በራሳቸው እንዳያቋርጡ። ካርዳቸውን ይዘው ወደሚከታተሏቸው ሐኪም ይሂዱ፤ ብዙ ጊዜ በሌላ የግፊት መድኃኒት፣ በሎሳርታን ይቀየራል። ከተቀየረ በኋላም ሳሉ በማግስቱ አይጠፋም። ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፣ አንዳንዱን ሦስት ወር ያቆየዋል። ከንፈራቸው ወይም ምላሳቸው ካበጠ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ደግሞ ሁሉንም በኢናላፕሪል አናሳብብ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ለቲቢ መመርመር አለበት።

የባጃጅ ሾፌር፦ «ዴክስትሮሜቶርፋን የሚል ሽሮፕ ገዛሁ። ግፊት አለብኝ፤ ልጠጣው?»

ብቻውን ከሆነ ለግፊት ብዙም አያሰጋም። ግን ወንድሜ፣ አብሮት ምን አለ? ክሎርፌኒራሚን ከተቀላቀለበት እንቅልፍ ያመጣብሃል፤ እሱን ጠጥተህ የዓባይን ድልድይ አትሻገር። ሱዶኢፌድሪን ካለበት መልሱ ከላይ ያለው ነው። የድብርት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም ሳትጠይቅ አትጠጣው።

ስም የለም፦ «ለራስ ምታቱና ለቁርጥማቱ ዳይክሎፌናክ እወስዳለሁ። ግፊቴ ግን 160 ገባ።»

ዳይክሎፌናክም ሆነ ኢቡፕሮፌን ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ የግፊት መድኃኒትዎንም ጉልበት ያሳጡታል። ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ላይ የሚያሸና ኪኒን ከጨመሩና በዚያ ላይ ዳይክሎፌናክ ከመጣ ኩላሊት በድንገት ሊደክም ይችላል። ለጥቂት ቀን ፓራሲታሞል ይሻላል። ውሃ ውስጥ የሚፍለቀለቀውን ግን አይምረጡ፤ ሶዲየም፣ ማለትም የጨው ዘር፣ በብዛት አለበት።

ከጢስ ዓባይ፦ «ማርና ዝንጅብልስ? አረቄ በማርስ?»

ማር በሞቀ ውሃ ጥሩ ነው፤ ሳል ያለዝባል (ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን በፍጹም አይሰጥም)። ዝንጅብሉም በሻይ ልክ ምንም አይል። አረቄው ይቅር። ከግፊት መድኃኒት ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ ራስ ያዞራል፣ ሲደጋገም ደግሞ ግፊቱን ራሱን ከፍ ያደርገዋል። ቡናውንም በጨው የምትጠጡ፣ ጨዉን ተዉት እንጂ።

«ለግፊት ፕሮፕራኖሎል እወስዳለሁ። ስስል ደረቴ ያፏጫል።»

ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ይህ መድኃኒት አስም ያለበትን ሰው የአየር ቧንቧ ሊያጠብ ይችላል። በራስዎ በድንገት ማቋረጥም ልብን ያናጋል።

«የቲቢ መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ ግፊቴ አልወርድ አለ። ሰውነቴ ለመደው?»

አልለመደውም። ምክንያቱ ከቲቢ መድኃኒቶችዎ አንዱ፣ ሽንትዎን ብርቱካን የሚያስመስለው ሪፋምፒሲን ነው። ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ ቶሎ እንዲፈጭ ያደርጋል፤ አምሎዲፒን፣ ናይፌዲፒን፣ ሎሳርታን ሥራቸውን ሳይጨርሱ ያልቃሉ። የቲቢውን እንዳያቆሙ! ሐኪሙ የግፊቱን መጠን ያስተካክላል። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ መጨረሻውን ነው። ስድስት ወሩ አልቆ ሪፋምፒሲን ሲቆም የተጨመረው የግፊት መድኃኒት ይበዛብዎታል። ያኔም እንደገና ይለኩ።

ከደቅ ደሴት፦ «ምን እንዳለበት ሳላውቅ ሁለት ቀን ሽሮፕ ጠጣሁ። አሁን ልቤ ድው ድው ይላል። ጀልባው ነገ ነው።»

ሽሮፑን አሁኑኑ ያቁሙ። የግፊት ኪኒንዎን ግን በሰዓቱ ይውሰዱ፣ አይደርቡ። ቡናም ይቅርብዎ። በአቅራቢያዎ ጤና ጣቢያ ካለ አምስት ደቂቃ አርፈው ቁጭ ብለው ይለኩ። 180/120 ከደረሰ፣ ወይም ባይለኩም የደረት ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የአፍ መንተባተብ ከመጣ የነገውን ጀልባ አይጠብቁ፤ የሰው ጀልባ ለምነውም ቢሆን ዛሬ ይሻገሩ። ይህ ከሌለ ነገ ይምጡ። ጠርሙሱንም እንዳይጥሉት፣ ይዘውት ይምጡ።