ግፊቱ ወረደ ተብሎ መድኃኒቱ ይቋረጣል?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የሚኖሩት አባቴ ለደም ግፊት የታዘዘላቸውን ኤናላፕሪል ከጀመሩ ወዲህ ደረቅ ሳል ስላስቸገራቸው፣ ግፊታቸውም ተለክቶ «ደህና ነው» ስለተባሉ መድኃኒቱን ትተውታል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ እባክዎ ዛሬውኑ ሐኪማቸውን ያማክሩ። ግፊቱ የወረደው መድኃኒቱን ይወስዱ ስለነበር ነው፤ ሲቋረጥ ምንም ሳይሰማቸው ተመልሶ ሊወጣና ለስትሮክ ሊዳርጋቸው ይችላል። ሳሉን የደብረ ብርሃን ብርድ ያመጣው ሊመስል ቢችልም፣ ደረቅ ሳል የኤናላፕሪል የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት በመሆኑ፣ ሐኪሙ እንደ አምሎዲፒን ባለ ሌላ መድኃኒት ሊቀይርላቸው ይችላል፤ ሳሉ ከ2 ሳምንት ካለፈ ደግሞ የቲቢ ምርመራ ያድርጉ። ለጉልበት ሕመም ዳይክሎፌናክ የሚወስዱ ከሆነም ይህንኑ ይንገሩ፤ ግፊትን ይጨምራል፣ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። በጾም ወቅት የመዋጫ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክላሉ እንጂ መድኃኒቱን አይዘሉም።