አዲሱን ካሜራ ከመጠበቅሽ በፊት የጣልሻቸውን ፎቶዎች ቁጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስፖርትና ሠርግ ታነሻለሽ፤ መስታወት ያለው (ዲኤስኤልአር) ካሜራሽ ስምንት ዓመት አገልግሎሻል፤ የምትጠቀሚበት አምራች አዲስ የባለሙያ ካሜራ ሊያወጣ ነው የሚል ወሬ ደርሶሻል። «ምን ይዞ ይመጣል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? እስኪወጣ ልታገሥ ወይስ አሁን ገበያ ላይ ያለውን ልግዛ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ ሥራ ስለቆየሁ፣ በመጠበቅም በመቸኮልም ስለተጎዳሁ፣ መልሴ ረዘም ቢል ታገሺኝ።

አንድ ጊዜ አዲስ ካሜራ ይወጣል ሲባል አሥራ አንድ ወር ጠብቄአለሁ። በእጄ የነበረው ካሜራ ደብዘዝ ያለ አዳራሽ ውስጥ ፎከስ መያዝ ያቅተው ነበር። በአንድ የመረብ ኳስ ፍጻሜ ላይ አጥቂዋ ዘላ ኳሱን ስትመታ ያነሳኋት ፎቶ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም፤ መረቡ ክር በክር ይታያል፣ የልጅቷ ፊት ግን ጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስላል። ያን ጊዜ ሱቅ ውስጥ የነበረ ካሜራ ያችን ቅጽበት ይይዛት ነበር። እኔ ግን ገና ያልተሠራውን እጠብቅ ነበር። የጠበቅኩት ሲወጣ ደግሞ ወሬው ከዘረዘረው ግማሹ አልነበረበትም።

ከዚያ ወዲህ የወሬ ዝርዝር ትቼ አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ ጀመርኩ፦ በዚህ ዘመን የካሜራው ማነቆ የት ነው? ቀጣዩ ካሜራ በአብዛኛው የሚያሻሽለው እዚያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኒኮን ዲ1 ሲወጣ 2.7 ሜጋፒክስል ብቻ ነበረው፤ ማነቆው የፒክስል ማነስ ነበርና በ2002 የካኖን 1ዲኤስ ወደ 11 ሜጋፒክስል ዘለለ። በ2007 ግን ነገሩ ተቀየረ። በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ካሜራዎች ይፋ ሆኑ፤ ካኖን 21 ሜጋፒክስል ይዞ መጣ፣ ኒኮን ዲ3 ደግሞ 12 ላይ ቆሞ አይኤስኦ 6400ን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን እጅግ ከፍ ያለ የስሜት መጠን፣ የዕለት ተዕለት መሣሪያ አደረገው። የፒክስል ቁጥር ሲጠብቁ የነበሩ ብዙዎች በዲ3 ቅር አላቸው፤ በአዳራሽና በምሽት ሜዳ የሚሠሩ ግን ሕይወታቸው ተለወጠ። ማነቆው ብርሃን ነበር፤ የስቱዲዮ ፎቶ አንሺውና የስፖርት ፎቶ አንሺው ማነቆ አንድ እንዳልሆነም ያን ጊዜ ገባኝ።

ዛሬ ማነቆው ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ምስል የሚቀይረው ክፍል፣ የሚነበብበት ፍጥነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከአዲሱ ካሜራ የምጠብቀው ዋናው ነገር ከዚህ የሚመነጭ ነው። አብዛኞቹ ሴንሰሮች ምስሉን በአንድ ጊዜ አያነቡትም፤ ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር ያነቡታል። ንባቡ ከዘገየና በድምፅ አልባው የኤሌክትሮኒክ መዝጊያ (መዝጊያ ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው ነው) ካነሳሽ፣ የላይኛው መስመር ተነቦ የታችኛው እስኪደርስ ነገሩ ቦታ ይቀይራል። የጎልፍ ዘንግ ይጎብጣል፣ የተመታ ኳስ እንቁላል ይመስላል፣ የኤልኢዲ መብራትና የማስታወቂያ ሰሌዳ በፎቶው ላይ ዥንጉርጉር መስመር ይጥላል። ዘመናዊ የሠርግ አዳራሽ በኤልኢዲ የተሞላ ስለሆነ ችግሩ የስፖርት ብቻ አይደለም።

መፍትሔው ከሴንሰሩ ሥር ማህደረ ትውስታና ፈጣን ዑደት መደረብ ሆነ፤ የተደረበ ሴንሰር የሚባለው ይህ ነው። ሶኒ በ2017 በኤ9 ይህን ለባለሙያ አቀረበ፤ በ2021 ኒኮን ዜድ9 ንባቡ እጅግ ከመፍጠኑ የተነሳ ሜካኒካል መዝጊያውን ጨርሶ አስቀረ። በ2023 መጨረሻ ይፋ የሆነው የሶኒ ኤ9 3 ደግሞ ሁሉንም ፒክስል በአንድ ቅጽበት የሚይዝ ሴንሰር ይዞ መጣ። መዛባት የለም፣ በሰከንድ እስከ 120 ፍሬም ያነሳል፣ ፍላሽም እስከ አንድ ሰማንያ ሺህኛ ሰከንድ ድረስ አብሮት ይሠራል። ቀትር ላይ ፀሐይን ከጀርባቸው አድርገሽ ሙሽሮችን ለምታነሺ ላንቺ ይህ የመጨረሻው ጥቅም ትልቅ ነው። ግን ዋጋ ተከፍሎበታል፤ መነሻ አይኤስኦው ከፍ ብሎ 250 ላይ ነው፤ በጥላና በብርሃን መካከል የሚይዘው ስፋትም ከአቻዎቹ ያንሳል፤ ምክንያቱም በየፒክስሉ ውስጥ ምልክቱ የሚቆይበት ተጨማሪ ቦታ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከአዲሱ ካሜራ ፈጣን ንባብ እጠብቃለሁ። ሁሉን በአንዴ የሚይዘው ሴንሰር መምጣቱን ግን እንደተረጋገጠ አትቁጠሪው። በሐምሌ 2024 ካኖን አር1ን ይፋ ሲያደርግ ብዙ ሰው ያንን ሴንሰርና ከፍ ያለ ሜጋፒክስል ጠብቆ ነበር። የመጣው 24 ሜጋፒክስል፣ በሰከንድ 40 ፍሬምና የተደረበ ሴንሰር ነው። ቁጣው ብዙ ነበር፤ እኔ ግን አልተቆጣሁም። ከሜዳ ዳር ተቀምጦ በደቂቃዎች ውስጥ ፎቶ መላክ ያለበት ሰው ፋይሉ እንዲከብድ አይፈልግም።

የሜጋፒክስሉን ነገር ካነሳን፣ ከ24 ወደ 45 መሄድ እጥፍ ይመስላል። በወርድ ስትለኪው ግን ከ6000 ፒክስል ወደ 8256 ነው፤ 38 በመቶ ያህል ጭማሪ። ከሩቅ ያነሳሽውን ቆርጠሽ ለማቅረብ ይጠቅማል፤ አልክድም። ግን አንድ ሮው ፋይል (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ምስል) 50 ሜጋባይት ቢሆን በሰከንድ 20 ፍሬም ማለት በየሰከንዱ 1 ጊጋባይት ማለት ነው። ለዚህ ፈጣን የሲኤፍኤክስፕረስ ካርድ፣ ጠንካራ ኮምፒውተርና ሰፊ ማከማቻ ትገዣለሽ። ስለ አዲስ ካሜራ ስታስቢ ይህንንም አብረሽ ደምሪ።

በጨለማ ውስጥ ተአምር አትጠብቂ። በፎቶው ላይ የምናየው አሸዋማ ነገር አብዛኛው ከብርሃኑ ከራሱ ነው የሚመጣው፤ ብርሃን በጠብታ በጠብታ ስለሚደርስ ሲያንስ መዋዠቁ ይጎላል። ይህንን አምራች ሊያስቀረው አይችልም። ከኤፍ 2.8 ወደ ኤፍ 1.8 ሌንስ (ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል) ብትሄጂ ከእጥፍ በላይ ብርሃን ታገኛለሽ። የማንኛውም አዲስ ሴንሰር ጭማሪ እዚህ ይደርሳል ብዬ አላምንም።

ልቤ የሚሞቀው በፎከሱ ነው። ዓይን መለየት ተለምዷል፤ ቀጣዩ ሁኔታውን መረዳት ነው። አር1 በእግር ኳስ፣ በቅርጫት ኳስና በመረብ ኳስ ላይ ኳሱንና የተጫዋቾቹን እንቅስቃሴ አይቶ ፎከሱን ወደ ባለ ኳሱ የሚያዞር ዘዴ አለው፤ የመዘገብሽውን ሰው ፊት ከሕዝብ መካከልም ለይቶ ይከተላል። የሙሽራዋን ፊት አስቀድመሽ መዝግበሽ፣ ሚዜዎች መሃል ገብታ ስትጨፍር ካሜራው ሳይስታት ሲከተላት አስቢው! ሌላው ቁልፉን ከመጫንሽ በፊት የነበረውን ቅጽበት የሚይዘው አሠራር ነው። እጃችን ሁልጊዜ ከዓይናችን ይዘገያል፤ ይህ አሠራር ያንን መዘግየት ይክሳል። ዜድ9 ሲወጣ ይህ አልነበረውም፤ በ2022 በሶፍትዌር ማሻሻያ ተጨመረለት። ስለዚህ አንድ ካሜራ በወጣበት ቀን ያለው ነገር የመጨረሻው አይደለም።

ፎቶው እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጥ ዲጂታል ማኅተምም እየተስፋፋ ይሄዳል፤ ሌይካ ኤም11-ፒ በ2023 ይዞት ወጥቷል። ለዜና የምትሠሪ ከሆነ ይመለከትሻል፤ ለሠርግ ብዙም አይደለም።

ስለ ጊዜው ደግሞ፣ የባለሙያ ካሜራዎች በአብዛኛው ከበጋ ኦሎምፒክ በፊት ይወጣሉ። የ2016ቱም የ2020ውም የካኖንና የኒኮን ዋና ካሜራዎች በየዓመቱ መግቢያ ላይ ይፋ ሆነዋል፤ አር1ም ከፓሪስ ጨዋታ ቀናት ቀደም ብሎ ነው ይፋ የሆነው። «በሚቀጥለው ወር» የሚል ወሬ ስትሰሚ ይህን ዑደት አስታውሺ።

አሁን ስለ መቸኮል። አንዱን ካሜራ በወጣ በሳምንቱ ገዝቼ ወደ ሠርግ ይዤው ሄድኩ። ቀለበት ሊደረግ ሲል ካሜራው ከካርዱ ጋር ተጣልቶ ደረቀ። ባትሪውን አውጥቼ መልሼ እስክጀምር ቀለበቱ ተደርጎ አልቋል። ሁለተኛ ካሜራ በትከሻዬ ባይኖር ኖሮ ለዚያ ቤተሰብ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። አምራቹ ከሳምንታት በኋላ በሶፍትዌር አስተካከለው። አዲስ ካሜራ ቢያንስ ለሦስት ወር ዋናው መሣሪያሽ አይሁን፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ለጥያቄሽ የምሰጥሽ መልስ ይህ ነው። ያለፉትን ሦስት ሥራዎችሽን ክፈችና የጣልሻቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ እያየሽ ለምን እንደጣልሽ ጻፊ፤ ፎከስ ስቶ ነው፣ ሰውየው ተንቀሳቅሶ ነው፣ ቅጽበቱ አልፎሽ ነው፣ የመብራት መስመር ወድቆበት ነው ወይስ የቆምሽበት ቦታ መጥፎ ሆኖ ነው? እኔ ይህን ስሠራ ከግማሽ በላይ የሆኑት ፎከስ የሳቱ ነበሩ፤ በፒክስል ማነስ የጣልኩት አንድም አልነበረም። ያንቺም ውጤት እንዲህ ከሆነ መጠበቅ አያስፈልግሽም። ከስምንት ዓመት መስታወት ያለው ካሜራ ወደ ዛሬው የተደረበ ሴንሰር መሻገር፣ ከዛሬው ወደ ነገው ከመሻገር እጅግ የሚበልጥ ዝላይ ነው። የጣልሽው በመብራት መስመርና በቀትር ፍላሽ ምክንያት ከሆነ ግን መጠበቅሽን እረዳለሁ፤ ያኔም ሁሉን በአንዴ የሚይዘውን ሴንሰር ለአንድ ቀን ተከራይተሽ ሞክሪው።

አዲሱ በወጣ ሰሞን የቀድሞው ሞዴል በሁለተኛ እጅ በብዛት ስለሚገኝ፣ ሥራሽ ጥቂት ወራት የሚታገስ ከሆነ ያንን መጠበቅ ያዋጣል። ሌንሶችሽንም ሳታዪ እንዳትገዢ። የኒኮን ተጠቃሚ ከሆንሽና የፎከስ ሞተር በውስጣቸው የሌላቸው አሮጌ ሌንሶች ካሉሽ፣ አሮጌ ሌንሶችን ከመስታወት አልባ ካሜራዎቹ ጋር በሚያያይዘው የኩባንያው ኤፍቲዜድ አገናኝ ላይ ፎከሳቸውን በእጅ ነው የምታስተካክዪው፤ ለስፖርት ያ አይሆንም። የየትኛው አምራች ካሜራና የትኞቹ ሌንሶች እንዳሉሽ ከቆጠራው ውጤት ጋር ጻፊልኝ፤ ከዚያ ሞዴሉን ለይተን እንነጋገራለን።