«ኳይት» ፍጹም ነው ወይስ መጠነኛ?

«ኳይት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አንዱ መዝገበ ቃላት ‹ፍጹም›፣ ሌላው ‹በመጠኑ› ብሎ ይፈታዋል፤ የትኛውን ልያዝ?» ብለው ለጠየቁት አባላችን፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ለይቶ የሚወስነው ቃሉን ተከትሎ የሚመጣው ቅጽል ነው። በትርጉም ሥራዬ ደጋግሞ ያስቸገረኝ ቃል በመሆኑ የደረስኩበትን በዝርዝር ላካፍልዎ።

የቃሉ ቀዳሚ ትርጉም «ሙሉ በሙሉ» ሲሆን «በመጠኑ» የሚለው ኋላ የመጣ ነው። ዛሬም ቢሆን ቅጽሉ ደረጃ የሌለው፣ ማለትም ወይ ነው ወይ አይደለም ብቻ የሚባልለት ከሆነ፣ የቀደመው ትርጉም ይጸናል። ስለዚህ «ኳይት ኢምፖሲብል» ማለት «ፈጽሞ የማይቻል» ነው። «ኳይት ራይት»ም «ትክክል ነዎት» እንጂ «በመጠኑ ትክክል ነዎት» ተብሎ አይተረጎምም።

ችግሩ የሚመጣው እንደ ጥሩ፣ ሞቃትና ውድ ያሉ፣ ሊበዙም ሊያንሱም የሚችሉ ነገሮችን የሚገልጹ ቅጽሎች ላይ ነው፤ እዚህ ላይ እንግሊዞችና አሜሪካውያን ራሳቸው ይለያያሉ። አሜሪካዊ «ኳይት ጉድ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ «በጣም ጥሩ» ማለቱ ነው፤ እንግሊዛዊ ግን «ደህና ነው፣ አይከፋም» ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ በተለይም «ኳይት» የሚለውን ጫን ብሎ ከተናገረው ምስጋናው ቀዝቀዝ ያለ ነው። አንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩትን ጽሑፍ ያነበበ እንግሊዛዊ አርታኢ በኅዳጉ ላይ «ኳይት ጉድ» ብሎ ስለጻፈልኝ፣ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ምንም ሳልነካ መልሼ ላክሁለት። በማግስቱ የመጀመሪያው ገጽ ብቻ 11 ቦታ ላይ ተሰምሮበት ሲመለስልኝ ምን ለማለት ፈልጎ እንደነበር ተረዳሁ።

ለዚህ ለለዘበው ትርጉም አማርኛ የራሱ ያማረ መንገድ አለው፤ ሁልጊዜ «በመጠኑ» የሚል ቃል መጨመር አያስፈልግም። «ኳይት ዋርም» የሚለውን «ሞቅ ያለ»፣ «አይ አም ኳይት ታየርድ» የሚለውን ደግሞ «ደከም ብሎኛል» ብንለው አረፍተ ነገሩ አማርኛ ይሆናል። በ«ደክሞኛል» እና በ«ደከም ብሎኛል» መካከል ያለውን ልዩነት ጆሮው የለየ ሰው የእንግሊዞቹን «ኳይት» ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

አፍራሽ ቃል ሲቀድመው የሚሠራው የቀድሞው ትርጉም ነው፦ «ናት ኳይት ሬዲ» ማለት «ጭራሽ ዝግጁ አይደለም» ሳይሆን «ትንሽ ይቀረዋል» ነው። ጸጥታን ከሚያመለክተው «ኳየት» ጋር በፊደል አጻጻፍ እንዳይምታታብዎም ይጠንቀቁ።

አብዝቼ የማሳስብዎ ግን «ኳይት ኤ ፊው» የሚለውን አገላለጽ ነው። «ፊው» ጥቂት ስለሆነ ብቻ «በጣም ጥቂት» ተብሎ ሲተረጎም በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ ይህም የጸሐፊውን ሐሳብ ይገለብጠዋል። ትክክለኛው ፍቺ «ብዙ» ነው፤ አማርኛችንም «ጥቂት የማይባሉ» በሚለው አነጋገሩ በዚያው በ«ጥቂት» አድርጎ እዚያው ይደርሳል።