ሲጋራ ያላጨሰ ሰው እንዴት የቶንሲል ካንሰር ይይዘዋል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለቤቴ 54 ዓመቱ ነው፤ ሲጋራ አጭሶ አያውቅም፣ የሚጠጣውም ለበዓል ብቻ ነው። ከቶንሲሉ ናሙና ተወስዶ ካንሰር ተገኘበት፤ «ፒ16 ፖዘቲቭ ነው፣ በኤችፒቪ የመጣ ነው» አሉን። ይህ የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ አይደለም እንዴ? ከሌላ ሴት ጋር ሄዶ ነው ማለት ነው? ለእኔና ለልጆቼስ አያሰጋም?

መልስ፦ በመጀመሪያ ውስጥዎን ስለሚበላው ጉዳይ እንነጋገር። ይህ ውጤት ባለቤትዎ ቫይረሱን ከማን ወይም መቼ እንደያዘው አይናገርም። ኤችፒቪ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ካንሰር እስኪሆን 10፣ 20፣ አንዳንዴም 30 ዓመት ይፈጃል። ከእርስዎ ጋር ከመተዋወቁ በፊት ይዞት ሊሆን ይችላል። በዚህ ወረቀት ትዳር ላይ መፍረድ ስህተት ነው።

አዎ፣ ቫይረሱ ያው ነው፤ በተለይም 16 ቁጥር የተሰጠው ዓይነት። ወደ ጉሮሮ የሚደርሰው በዋናነት በአፍና በብልት መካከል በሚደረግ ግንኙነት ነው። አብዛኛው ሰው በ1 ወይም በ2 ዓመት ውስጥ ያለ ምንም ሕክምና ያስወግደዋል፤ ጥቂቶች ላይ ግን ይቆያል። ቶንሲልና የምላስ ሥር የሚመቹት ስንጥቅጥቅና ጥልቅ ጉድጓዶች ስላሏቸው ነው። የጉድጓዶቹ ሽፋን ስስና የተቆራረጠ በመሆኑ ቫይረሱ ከሥር ያሉትን ሴሎች በቀላሉ ያገኛል። እዚያም የሴሉን መራባት የሚገቱትን ሁለት ፕሮቲኖች፣ ፒ53ንና አርቢን፣ ከሥራ ውጪ ያደርጋቸዋል። አርቢ ሲጠፋ ፒ16 የተባለው ፕሮቲን ይከማቻል። ፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም) ፒ16ን የሚያሳየውን ቀለም ከካንሰር ሴሎቹ 70 በመቶውና ከዚያ በላይ በደንብ ሲይዙ ካየ «ፖዘቲቭ» ይላል። በአሜሪካ ከዚህ አካባቢ ካንሰሮች አብዛኛዎቹ በዚህ ቫይረስ የሚመጡ ናቸው። ከአፍ ውስጥ ማለትም ከድድ፣ ከጉንጭና ከፊተኛው የምላስ ክፍል የሚነሳው ግን በብዛት የትምባሆና የአልኮል ውጤት ነው።

ፒ16 ፖዘቲቭ መሆን ለሕክምናው ተስፋ የሚሰጥ ዜና ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ፣ የዚህ አካባቢ ካንሰራቸው የገፋ ታካሚዎችን በተከታተለ ጥናት፣ ኤችፒቪ ካለባቸው ከ100 ሰዎች 82ቱ ከ3 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ፤ ከሌለባቸው ደግሞ 57ቱ። ያም ሆኖ ሕክምናው ቀላል አይደለም። የተለመደው ጨረር 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ሲሆን ለ35 ጊዜ ተከፋፍሎ በ7 ሳምንት ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜም ሲስፕላቲን የተባለ የካንሰር መድኃኒት ይጨመርበታል። ከመጀመሩ በፊት ግን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የሚነቀል ጥርስ ካለ ጨረሩ ከመጀመሩ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ ይነቀል፤ ቁስሉ መድረቅ አለበት። ጨረር ያገኘ የመንጋጋ አጥንት የደም ዝውውሩ ስለሚዳከም ከዚያ በኋላ ጥርስ ቢነቀል ላይድን፣ አጥንቱም ሊሞት ይችላል። ምራቅ ስለሚደርቅም በየቀኑ ፍሎራይድ መጠቀም የግድ ነው።

እርስዎ የማህፀን በር ምርመራዎን በተለመደው ጊዜ ያድርጉ፤ ከዚያ የተለየ ነገር አያስፈልግዎትም። ለጉሮሮ እንደዚያ ዓይነት የቅድመ ምርመራ ዘዴ የለም። ልጆቻችሁን ማቀፍ፣ ማጉረስ፣ ከአንድ ትሪ መብላት አታቁሙ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፣ 47 ዓመቴ ነው። አንገቴ ጎን ላይ የማያም ንፍፊት ከወጣ 2 ወር ሆነው። አንቲባዮቲክ ወሰድኩ፤ አልጠፋም። አሁን «ቲቢ ይሆናል፣ መድኃኒቱን ጀምር» ተባልኩ። ልጀምር?

መልስ፦ ናሙና ሳይወሰድ አይጀምሩ። በአገራችን የንፍፊት ቲቢ በጣም የተለመደ ስለሆነ ግምቱ መሠረት አለው፤ በእርስዎ ዕድሜ 2 ሳምንት አልፎት ያልጠፋ ንፍፊት ግን ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። ከንፍፊቱ በመርፌ ናሙና ይወሰድ፤ ከፊሉ ቲቢን ለሚለየው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ፣ ከፊሉ ካንሰርን ለሚለየው የፓቶሎጂ ምርመራ ይላክ። በኤችፒቪ የሚመጣው ካንሰር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው በዚህ መልክ ነው፤ ጉሮሮ ላይ ምንም ሕመም ላይኖር ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ንፍፊቱ ውኃ የቋጠረ ከሆነ መርፌው ፈሳሽ ብቻ ቀድቶ «ካንሰር አልተገኘም» ሊባል ይችላል። ያን ጊዜ በአልትራሳውንድ እየታየ ከግድግዳው ዳግም ይወሰድ። ንፍፊቱን ቆርጦ ማውጣት መጀመሪያ የሚደረግ ነገር አይደለም። የአንገት በላይ ሐኪም ቶንሲልዎንና የምላስ ሥርዎን በጣት ዳስሶ፣ በካሜራም ይመልከት። በአንድ ወገን ብቻ የሚሰማ የጆሮ ሕመም ወይም ሲውጡ የሚያስቸግር ነገር ካለ ሳይጠየቁ ይንገሩት። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነም ስንት ዓመትና በቀን ስንት እንደሆነ ይግለጹ፤ የሕክምናውን ውጤት ይለውጣል።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ወንድ ልጄን በአሜሪካ ኤችፒቪ ላስከትበው? የሴቶች ክትባት አይደለም?

መልስ፦ ያስከትቡት። በአሜሪካ ለወንዶች በመደበኛነት የሚመከረው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የጉሮሮ ካንሰርን መከላከል ከተፈቀዱለት ጥቅሞች ጋር ተጨምሯል። 15 ዓመት ሳይሞላው ከጀመረ ከ6 እስከ 12 ወር ልዩነት ሁለት መርፌ ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ሦስት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ክትባቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው፤ ዘመድ ቤት ያሉ ሴት ልጆች ካሉዎት በአቅራቢያቸው ያለውን ጤና ጣቢያ እንዲጠይቁ ይንገሯቸው። ክትባቱ አስቀድሞ የገባን ቫይረስ አያስወጣም፤ ስለዚህ ልጁ ትልቅ እስኪሆን አይቆዩ።