«ይሄን ዓሣ አልሸጥልህም» ያለው ሻጭ፦ የጨው ውሃ አኳሪየም ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው ሱቅ ላይ ያርፋሉ። የትኛውን ልመን? ሻጩ ያለኝ እውነት ነው? ዓሣው የሞተው በእኔ ጥፋት ነው ወይስ በእሱ? ከደረሱኝ ውስጥ አጫጭሮቹን መርጬ ዛሬ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ለዓመታት የንጹህ ውሃ ዓሣ ሳሳድግ ቆይቻለሁ። አሁን ወደ ጨው ውሃና ኮራል ልገባ ነው። በአካባቢዬ ሦስት ሱቆች አሉ፤ ሦስቱም ያምራሉ። ጥሩውን በምን ልለየው?

ማማሩን ለጊዜው እርሳው። በመጀመሪያው ቀን ምንም ላትገዛ ለራስህ ቃል ገብተህ ግባ። ለመግዛት የቸኮለ ዓይን ብዙ ነገር ያልፈዋል።

ከዓይንህ በፊት አፍንጫህን ተጠቀም። ጤናማ የጨው ውሃ ሱቅ እርጥበትና ባሕር ባሕር ይሸታል፤ የበሰበሰ ነገር አይሸትም። ቀጥሎ ጎንበስ በል። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው ይባላል። የዓሣ ሱቅ ግን ግማቱ ከሥር ነው። ከገንዳዎቹ በታች ያለውን ማጣሪያ ማየት ይቻል እንደሆነ ጠይቅ። ፕሮቲን ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣው መሣሪያ) ይሠራል? ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ኩባያ ታጥቦ ያውቃል ወይስ ደርቆ ጠቁሯል? በሥራው የሚኮራ ባለሱቅ ይህን ስትጠይቀው ደስ ብሎት ሽፋኑን ይከፍትልሃል። ማጣሪያውን ካየህ በኋላ ወደ ዓሣው ና።

ሆዱን እይ። ወደ ውስጥ ገብቷል? ከጭንቅላቱ ኋላ ያለው ሥጋ ሰርጉዷል? እንዲህ ያለ ዓሣ ከተራበ ሰንብቷል፤ ብዙ ጊዜም አያገግምም። አተነፋፈሱን ተመልከት። ስንጥቡ በጥድፊያ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ወይም በአንድ ጎን ብቻ የሚተነፍስ ዓሣ ችግር አለበት። ገላውን ከድንጋይ ጋር የሚያሽም እንዲሁ። ከዚያ ሻጩን «ሲበላ አሳየኝ» በለው። በዚህ የትርፍ ጊዜ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ አላውቅም። አንድ ቀን «አሁን ገና በልቷል» ቢልህ እውነቱን ይሆናል። ሦስት ጊዜ ሄደህ ሦስቴም አሁን ገና ከበላ ግን ዓሣው አይበላም ማለት ነው።

መቼ እንደመጣና ከየት እንደመጣም ጠይቅ። ክላውንፊሽን የመሳሰሉት ዛሬ በእርባታ በብዛት ይገኛሉ። በእርባታ የተወለደ ዓሣ የደረቅ ምግብ ይለምዳል፤ ገንዳም አያስደነግጠው። ከባሕር የተያዘ ከሆነ በመረብ ይሁን በሌላ መንገድ መያዙ ለውጥ አለው። በ1960ዎቹ ፊሊፒንስ ውስጥ የተጀመረ ሳያናይድ በሚባል መርዝ አደንዝዞ የመያዝ ልማድ አለ። እንዲህ የተያዘ ዓሣ ሱቅ ውስጥ ደህና መስሎ ይዋኛል። ከሳምንታት በኋላ ግን ቤትህ ሊሞት ይችላል፤ አንተም ውሃህን ስትወቅስ ትኖራለህ። ሻጩ የእያንዳንዱን ዓሣ የሕይወት ታሪክ ላያውቅ ይችላል። አስመጪውን ግን ማወቅ አለበት።

በመጨረሻ አንተ ዝም በልና እሱ ምን እንደሚጠይቅህ አድምጥ። «ገንዳህ ስንት ሊትር ነው? ከተከልከው ስንት ጊዜው? ውስጡ ማን ማን አለ?» ካለህ ሰው አግኝተሃል። ምንም ሳይጠይቅ መረቡን ካነሳ ሒሳብ ተቀባይ ነው።

ጥያቄ፦ ሰማያዊ ታንግ ልገዛ ሄጄ ሻጩ «አልሸጥልህም» አለኝ። ገንዳዬ 200 ሊትር ነው፤ ከተከልኩት ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ገንዘቤን ይዤ አፍሬ ተመለስኩ። ሱቅ ልቀይር?

ወንድሜ፣ ሱቁን አገኘኸው እኮ! እንዳትለቀው።

ሰማያዊ ታንግ ሱቅ ውስጥ የምታየው ገና ሕፃን ሆኖ፣ ከአውራ ጣት ብዙም ሳይበልጥ ነው። ሲያድግ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ቀኑን ሙሉ መዋኘትም ይፈልጋል። ልምድ ያላቸው አሳዳጊዎች ከ700 ሊትር ገደማ በታች አይመክሩትም። በዚያ ላይ በነጭ ነጥብ በሽታ ቶሎ ከሚያዙት አንዱ ነው። እርባታውም ቀላል አይደለም። የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በእርባታ ያገኙት በ2016 ነው። ስለዚህ በየሱቁ የሚታየው አብዛኛው ከባሕር የመጣ ነው።

ሁለት ሳምንት ያልከው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ ገንዳ ውስጥ አሞኒያን (ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጣውን መርዝ) ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ተደላድለው እስኪቀመጡ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እኔ ይህን የተማርኩት በሌላ መንገድ ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሱቅ ማንዳሪን የሚባለውን ያን እንደ ጥልፍ ያሸበረቀ ዓሣ ሸጠልኝ። «ቀላል ነው፣ ሁሉንም ይበላል» አለኝ። ማንዳሪን በአብዛኛው የሚኖረው ኮፔፖድ የሚባሉ ደቃቅ ሕያዋንን ቀኑን ሙሉ ከድንጋይ ላይ እየለቀመ ነው። የእኔ አዲስ ገንዳ ውስጥ አንድም አልነበረም። የማቀርብለትን ምግብ እያየ፣ ቀስ እያለ በረሃብ አለቀ። ያኔ «አልሸጥልህም» የሚለኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እጁን እስም ነበር።

ጥያቄ፦ ከሱቅ ያመጣሁት ሽሪምፕ በማግሥቱ ሞተ። ሱቁ የውሃው ጨው 1.019 ነው ይላል። የእኔ 1.026 ነው። ችግሩ ይሄ ነው?

አዎ፣ ሳይሆን አይቀርም። እነዚህ ቁጥሮች የጨው ውሃው ከንጹህ ውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ ይናገራሉ። የሪፍ (የኮራል) ገንዳ የሚጠበቀው በ1.025 ወይም 1.026 አካባቢ ነው፤ በሌላ መለኪያ ከሺህ 35 ማለት ነው። ብዙ ሱቆች ግን የዓሣ ገንዳቸውን ዝቅ ያደርጉታል። ጨው ይቆጥባል፤ ጥገኛ ተውሳክንም ያዳክማል ይባላል። ለዓሣ ብዙም ክፋት የለውም። ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣና ኮከብ ዓሣ ግን የጨው ለውጥ አይችሉም። እነሱን ዝቅ ባለ ጨው የሚያስቀምጥ ሱቅ ሥራውን አያውቅም ብዬ ነው የማስበው።

ለዓሣም ቢሆን ጨው መቀነስ ይቀላል፤ መጨመር ይከብዳል። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት ቁጥሩን ጠይቅና በለይቶ ማቆያ ገንዳህ ጨውን ከሱቁ ጋር አስተካክለህ ጠብቅ። ከዚያ በቀን ከ0.001 እስከ 0.002 ያህል እያደረግህ ከፍ አድርገው። በነገራችን ላይ የራስህንም ሪፍራክቶሜትር (የጨው መለኪያ) ጨውነቱ ከሺህ 35 በሆነ ማመሳከሪያ ፈሳሽ አስተካክል። ሱቁን ስንወቅስ የተሳሳተው የገዛ መለኪያችን የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ጥያቄ፦ ውሃዬን ለምርመራ ወሰድኩ። «ሁሉም ደህና ነው» አሉኝና ሁለት ጠርሙስ ተጨማሪ ማዕድን ሸጡልኝ። ኮራሎቼ ግን እየከሰሙ ነው።

እህቴ፣ ሁሉም ደህና ከሆነ ጠርሙሶቹ ለምን አስፈለጉ?

«ደህና» ቁጥር አይደለም። አልካሊኒቲ (የውሃው አሲድን የመቋቋም አቅም) ስንት? ካልሲየም ስንት? ማግኒዚየም፣ ናይትሬት፣ ፎስፌትስ? ወረቀት ላይ አጽፊያቸው። ለአጠቃላይ ግምት፣ አልካሊኒቲ ከ7 እስከ 11 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ)፣ ካልሲየም በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም፣ ማግኒዚየም በሊትር ከ1250 እስከ 1350 ሚሊ ግራም ባለው ውስጥ ብዙ ኮራል ይመቸዋል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚጎዳው መዋዠቁ ነው። ዛሬ 7፣ ከነገ ወዲያ 11 የሚል አልካሊኒቲ፣ ሁልጊዜ 7.5 ላይ ከቆመው ይብሳል። የሱቅ ምርመራ ደግሞ የአንድ ቀን ፎቶ ነው፤ መዋዠቁን አያሳይሽም። የአልካሊኒቲ መመርመሪያ ለራስሽ ግዢና ለሁለት ሳምንት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ለኪ። እስከዚያ ጠርሙሶቹን አትክፈቻቸው።

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ እንደ ኒዮን የሚያበራው ኮራል ቤቴ ሲደርስ ቡናማ ሆነ። ተታለልኩ?

መብራቱ ነው ያታለለህ። በሰማያዊ መብራት ሥር የኮራል ቀለም ይፈካል። ሻጩን ለአንድ ደቂቃ ነጩን መብራት እንዲያበራ ጠይቀው። እምቢ ካለ አትግዛ።

ጥያቄ፦ ሱቁን አሥር ዓመት አውቀዋለሁ። አምነዋለሁ። አሁንም ለይቶ ማቆያ ያስፈልገኛል?

ያስፈልግሃል። ይህ እሱን አለማመን አይደለም።

አብዛኛው ሱቅ ውስጥ ብዙ ገንዳዎች አንድ ውሃ ይጋራሉ። ዛሬ የመጣው የታመመ ዓሣ፣ ከሳምንት በፊት የመጣውን ጤነኛ ማታውኑ ሊበክለው ይችላል። የነጭ ነጥብ ተውሳክ ከዓሣው ገላ ላይ ወርዶ ከታች ይጣበቅና እንቁላል በመሰለ ሽፋን ውስጥ ይራባል። ከዚያ የሚፈለፈለው አብዛኛው በቀናት ውስጥ ነው፤ እስከ 72 ቀን የቆየበት ጊዜ ግን ተመዝግቧል። ብዙ አሳዳጊዎች በሽታው የገባበትን ገንዳ 76 ቀን ያለ ዓሣ የሚያቆዩት ለዚህ ነው። እዚህ ስሌት ውስጥ የሻጩ ቅንነት ቦታ የለውም። ቬልቬት የሚባለው በሽታ ደግሞ ከዚህም ይፈጥናል፤ ገንዳ ሙሉ ዓሣ በጥቂት ቀን ይጨርሳል።

ለይቶ ማቆያው የተንደላቀቀ መሆን የለበትም። ባዶ ገንዳ፣ ማሞቂያ፣ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ መደበቂያ የሚሆን የፕላስቲክ ቱቦ ይበቃል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት አቆየው። መዳብ ያለበት መድኃኒት ከተጠቀምክ ዕቃውን ከሪፍ ገንዳው ጋር አታቀላቅል፤ መዳብ አከርካሪ አልባዎችን ይገድላል። በዚሁ ምክንያት የሱቁን የፕላስቲክ ከረጢት ውሃ ወደ ገንዳህ አታፍስስ። ብዙ ሱቆች የዓሣ ውሃቸው ውስጥ መዳብ ይጨምራሉ።

ኮራልም ለብቻው ተለይቶ ይቆያል። ኮራሉ የሚነከርበት ማጥለቂያ መድኃኒት ኮራል የሚበላውን ጠፍጣፋ ትል ይገድላል፤ እንቁላሉን ግን አይነካውም። ስለዚህ ኮራሉ የተለጠፈበትን መሠረት ቆርጠህ ጣለው። ዞአንቲድ የሚባሉትን ኮራል መሰል እንስሳት ስትነካ ደግሞ ጓንትና መነጽር አድርግ፤ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። የጓንት ነገር ሳትጠይቀው የሚያነሳ ሻጭ ካጋጠመህ እሱንም እንደ መጀመሪያዎቹ ጥሩ ምልክቶች ቁጠረው።

ጥያቄ፦ ገንዳው ውስጥ የሞተ ዓሣ አየሁ። መሄድ ላቁም?

አንድ ሬሳ ምንም አይደለም፤ ጭነት በመጣ ማግሥት የትም ያጋጥማል። ከሰዓት በኋላ ተመልሰህ እይ። እዚያው ካለ ያኔ አቁም።

ጥያቄ፦ ጥሩው ሱቅ ከእኔ ሦስት ሰዓት ይርቃል። ዋጋ አለው? ዓሣውስ መንገዱን ይችላል?

ይችላል። ዓሣ ከዚያ የረዘመ በረራ ተቋቁሞ ነው ሱቁ ጋ የደረሰው። ሙቀት የሚይዝ ሳጥን ያዝ፣ ጨለማ ይሁን፣ ከረጢቱ ውስጥ አየሩ ከውሃው ይብለጥ። ከመነሳትህ በፊት ደውለህ ዓሣው መብላቱን አረጋግጥ። ወዳጅነት ካለህ ቀብድ ከፍለህ አንድ ሳምንት እዚያው እንዲቆይ አድርግ። በዚያ ሳምንት የሚሞት ከሆነ እዚያ ይሙት።

አንድ ነገር ልብ በል። ዓሣ በታሸገ ከረጢት ብዙ ሰዓት ሲቆይ አሞኒያ ይጠራቀማል፤ ትንፋሹ ግን ውሃውን አሲዳማ እያደረገ ፒኤቹን ስለሚያወርድ መርዝነቱ ይቀንሳል። ከረጢቱ ሲከፈት ፒኤች ይወጣል፤ አሞኒያውም ይበረታል። ስለዚህ ከረጅም ጉዞ በኋላ ዓሣውን ለማላመድ ብለህ ከረጢቱን ከፍተህ ለሁለት ሰዓት የገንዳህን ውሃ በጠብታ አታንጠባጥብበት። ሙቀቱን አመሳስል፣ ጨዉ አስቀድሞ የተስተካከለ ይሁን፣ ቶሎ አውጣው። ከጎረቤት ሱቅ ለመጣ ግን ማንጠባጠቡ ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ ሱቅ ሄጄ ምክር እየጠየቅኩ ዕቃውን ኢንተርኔት ላይ ብገዛ ነውር ነው?

ፓምፑንና መብራቱን ካሻህ ቦታ ግዛ። ግን ሰውዬውን አንድ ሰዓት አቁመህ ካስወራኸው፣ ቢያንስ ጨውህን ከእሱ ውሰድ። ሌሊት ማሞቂያህ ሲፈነዳ በማግሥቱ በር የሚከፍትልህ እሱ ነው።

ይህን ጽፌ ስጨርስ አንድ አንባቢ ፎቶ ላከልኝ። ከሱቅ ካመጣው ድንጋይ ውስጥ የወጣ ሮዝ፣ ጎንና ጎኑ ፀጉራም የሆነ ትል ነው። ሱቁም መድኃኒት ሸጦለታል። መድኃኒቱን ለሱቁ መልስለት። ከእነዚህ ትሎች አብዛኞቹ የተረፈ ምግብ የሚያጸዱ ናቸው። በባዶ እጅህ ብቻ አትንካው፤ ፀጉሩ ቆዳ ውስጥ ይሰካል፣ ለቀናትም ያሳክካል።